ከሮኬት ወደ ፓራሞተር፦ ለሚሻገሩ ሰዎች የአሠራር መመሪያ

ሮኬት ማስወንጨፍ ደስ ይላል። ግን አንዳንድ ሰው ከማሳው ዳር ቆሞ ማንጋጠጥ አንድ ቀን አይበቃውም። ራሱ መውጣት ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ፓራሞተር አጭሩ መንገድ ነው። በጀርባ የሚታዘል ሞተር፣ ከራስ በላይ የሚዘረጋ የጨርቅ ክንፍ፣ የሚያስሮጥ ሜዳ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ይህን የጻፍኩት አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የልምምዱን ክፍል ውሰዱ፤ ሕጉን ግን እዚያው ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። በሮኬት ሜዳ ላይ የደህንነት ኃላፊ አለ። ሮኬታችሁን ይቀበላል፣ የጅራት ክንፎቹን ነቅነቅ ያደርጋል፣ የትኛውን ሞተር እንደጫናችሁ ይጠይቃል። ካልጣመው «ዛሬ ይሄ አይወጣም» ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ፓራሞተር ላይ ይህ ሰው የለም። ማንም አይፈትሻችሁም፣ ማንም አይከለክላችሁም። ስለዚህ ከክንፍም ከሞተርም በፊት የምትገነቡት ያንን ሰው ነው፤ በራሳችሁ ውስጥ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እሱን ለማሳደግ የተሰለፉ ናቸው።

1. የሮኬቱን ዕቃ በአግባቡ ዝጉ

መጀመሪያ ሞተሮቹ። የተረፉ ትልልቅ ሞተሮች ካሏችሁ ላገኛችሁት ሰው ሁሉ አትሽጡ። ሞተሮች በጉልበታቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ይመደባሉ፤ ከኤች ጀምሮ ያሉትን መግዛት የሚችለው የደረጃ ማረጋገጫ ያለው ሰው ብቻ ነው። ደረጃ አንድ ኤችና አይን፣ ደረጃ ሁለት ጄ፣ ኬና ኤልን፣ ደረጃ ሦስት ከኤም እስከ ኦ ያሉትን ያስፈቅዳል። በፖስታ አትላኩ፤ አደገኛ ዕቃ ስለሆነ የራሱ የአላላክ ሕግ አለው። ወደ ክለቡ የማስወንጨፊያ ቀን ይዛችሁ ሂዱና ማረጋገጫውን አይታችሁ እጅ በእጅ አስረክቡ።

ትንንሾቹን የባሩድ ሞተሮች አዋቂ ለሚከታተለው የትምህርት ቤት ቡድን መስጠት ትችላላችሁ። በጋውን ሙሉ የመኪና ኮፈን ውስጥ ወይም ጋራዥ ጣሪያ ሥር የከረሙትን ግን አትስጡ። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ባሩዱ ከካርቶኑ ግድግዳ ይላቀቃል። ሲለኮስ ይፈነዳል። እነሱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እስኪፈራርሱ ጠብቁና ጣሉ።

የማስወንጨፊያውን ሐዲድና መቆጣጠሪያ ክለቡ ይፈልገዋል። አንድ አልቲሜትር (የከፍታ መለኪያ) አስቀሩ፣ የእጅ ሚዛኑንም አትሽጡ፤ ሁለቱም ወደፊት ያስፈልጋሉ። አባልነታችሁንም ቢያንስ አንድ ዓመት አቆዩት። የደረጃ ማረጋገጫው የሚጸናው ከአባልነቱ ጋር ነው፤ ልባችሁ ቢመለስ ከዜሮ መጀመር አይኖርባችሁም።

2. ሕጉን አንብቡ፣ አጭር ነው

የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ፓራሞተርን የሚያየው በፓርት 103 ነው። ደንቡ የወጣው በ1982 ነው። ጥቂት ገጾች ስለሆነ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ሲኒ ቡና ትጨርሱታላችሁ። የአብራሪነት ፈቃድ አይጠይቅም፣ የሕክምና ምርመራ አይጠይቅም፣ ዕቃው አይመዘገብም። በምትኩ ወሰኖች አሉት። አንድ ሰው ብቻ መያዝ፣ ለመዝናኛ ወይም ለስፖርት ብቻ መሆን፣ ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ፣ ማለትም ከ115 ኪሎ በታች መሆን፣ ነዳጁም ከ5 ጋሎን አለመብለጥ። ክብደቱና ነዳጁ ለፓራሞተር ችግር አይደሉም፤ ሁለቱም ከወሰኑ በእጅጉ ያንሳሉ።

ችግር የሚሆነው የመብረሪያው ደንብ ነው። በቀን ብርሃን ብቻ። በከተማ፣ በመንደር ወይም በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ አይበረርም። ለማንኛውም አውሮፕላን መንገድ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። ኤርፖርት ዙሪያ ባለው ቁጥጥር ያለበት አየር ክልል ያለ ቅድመ ፈቃድ አትገቡም። መሬቱን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ።

ሮኬት ላይ ክለቡ የአየር ክልል ፈቃድ አውጥቶ ይጠብቃችሁ ነበር። አሁን ካርታውን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ዲሲ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከበድ ይላል። ከሬገን ኤርፖርት ዙሪያ እስከ 30 ኖቲካል ማይል ድረስ ልዩ የበረራ ደንብ ያለበት ክልል ነው። እዚያ የሚበሩት ትራንስፖንደር (ማንነታቸውን ለራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ)፣ ሬዲዮና የበረራ ፕላን ያላቸው ናቸው። ለእናንተ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ አታስቡት። መኪናችሁን ይዛችሁ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ወዳለው ኢስተርን ሾር ወይም ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ገጠር ትወጣላችሁ። ለሮኬትም ስትሄዱበት የነበረው መንገድ ስለሆነ አዲስ አይሆንባችሁም።

እዚህ ደረጃ ላይ ሳላችሁ ወደ ጤናና ሕይወት ኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። ብዙ የሕይወት ኢንሹራንስ ውሎች የግል በረራን ያገልላሉ። ቤተሰብ ያላችሁ ይህን አትዝለሉት።

3. ከዕቃ በፊት አስተማሪ

ሮኬተኛ ዕቃ ይወዳል። እኔም ከዚያው ሜዳ ስለመጣሁ አውቀዋለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ሞተሮች ስታዩ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። አትግዙ። መጀመሪያ አስተማሪ ፈልጉ።

የአሜሪካ ፓራሞተር ማኅበር፣ ዩ ኤስ ፒ ፒ ኤ፣ አስተማሪዎችን ያረጋግጣል፤ ለተማሪዎችም ከአንድ እስከ ሦስት ደረጃ ይሰጣል። ሕጉ ባያስገድድም ደረጃውን ውሰዱ። ሮኬት ላይ ደረጃ አንድን ያለፋችሁት ስለተገደዳችሁ ብቻ አልነበረም፤ ሰው አይቶ «ትችላለህ» ወይም «ትችያለሽ» እንዲላችሁ ነው። እዚህም ያው ነው።

አስተማሪውን ስታናግሩ እነዚህን ጠይቁ። ያለ ሞተር ስንት ሰዓት ክንፍ ያስይዛችኋል? በመጀመሪያው በረራ በሬዲዮ ያናግራችኋል? አየሩ ከተበላሸ ቀኑን ያራዝማል ወይስ ኮርሱ አለቀ ይላል? የማሠልጠኛ ዕቃ አለው ወይስ መጀመሪያ ግዙ ይላል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። በሁለት ቀን አበርራችኋለሁ ከሚል ራቁ። ደህና ኮርስ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

4. ክንፍ መያዝ ተለማመዱ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው

ሮኬት ላይ ሁሉም ውሳኔ የሚያልቀው ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ነው። የስበት ማዕከሉን ለካችሁ፣ ፓራሹቱን ጠቀለላችሁ፣ አልቲሜትሩን አዘጋጃችሁ፣ ቆጠራው አለቀ። ከዚያ በኋላ እጃችሁ ምንም አይሠራም። ፓራሞተር ግን ከተነሣችሁ በኋላም እስክታርፉ ድረስ ውሳኔ አያልቅም። እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ ማወቅ አለበት። እጅ የሚያውቀው ደግሞ በማንበብ አይደለም።

ይህ ልምምድ ኪቲንግ ይባላል። ሞተር የለም፤ ሃርነስ (ከክንፉ ጋር የሚያያይዛችሁን መታጠቂያ) ታጥቃችሁ ክንፉን ከራስ በላይ አንሥታችሁ ታቆማላችሁ። ሰፊ ሜዳ፣ ከ13 እስከ 19 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ፣ ሄልሜትና ጓንት ይበቃል።

ክንፉን ዘርጉና ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ። የፊተኞቹን ገመዶች የያዙትን ኤ ራይዘሮች በእጃችሁ ያዙ። በክንዳችሁ አትጎትቱ፤ በወገባችሁ ወደ ኋላ ተደገፉ። የክንፉ አፎች አየር ይጠጣሉ፤ ጨርቁ «ፏ» ብሎ ይሞላል፤ ይነሣል። ከራሳችሁ በላይ ሊደርስ ሲል ኤዎቹን ልቀቁና ብሬኩን፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ የሚስበውን እጀታ፣ በሁለት ጣት ክብደት ያህል ንኩት። ካልነካችሁት አልፏችሁ ይሄድና ከፊት ይወድቃል። ብዙ ከሳባችሁት ተመልሶ ይተኛል።

አሁን ክንፉ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል። ሁልጊዜ ይጀምራል። የጀማሪ እጅ በብሬክ ሊያቃናው ይታገላል። እናንተ ግን መጀመሪያ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ ወደሚወድቅበት ጎን ሂዱና ሥሩ ግቡ። ብሬኩ ከዚያ በኋላ ነው። እግር ቀድሞ፣ እጅ ተከትሎ። ይህ ሳታስቡት ሲሆን ዞር ብላችሁ ወደ ነፋሱ ተራመዱ፣ ክንፉን ሳታዩ በትከሻችሁ ስሜት ብቻ ያዙት።

ነፋስ በሌለ ቀን ደግሞ የሩጫውን አነሣሥ ተለማመዱ። ክንፉ ከኋላ ተዘርግቶ እናንተ ወደፊት ትሮጣላችሁ። ደረት ቀጥ፣ እርምጃ ረጅም፣ ግፊቱ ሳይቆራረጥ። ይህኛው ያደክማል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ነፋስ ስለማይኖር የምትበሩበት አነሣሥ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ስንት ቀን ይበቃል ካላችሁ፣ መለኪያው ቀን አይደለም። አሥር ጊዜ አንሥታችሁ አሥሩንም ጊዜ ክንፉን ማቆም ስትችሉ፣ ውስጣችሁ ያለው የደህንነት ኃላፊ መናገር ጀምሯል ማለት ነው። ያልቆመ ክንፍ ላይ ነዳጅ አይሰጥም፤ ይህ የመጀመሪያ ሕጉ ይሁን።

5. ክንፉን በክብደት ምረጡ

እዚህ ላይ ሮኬተኛ ይበልጣል፤ ሚዛን ታውቃላችኋ። ክንፍ የሚመረጠው ከመሬት በሚነሣው ጠቅላላ ክብደት ነው። ለምሳሌ ሰውነት 75 ኪሎ፣ ሞተርና ፍሬሙ 25፣ 10 ሊትር ነዳጅ 7.5 ገደማ፣ ክንፉ ራሱ 5፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ሄልሜትና ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) ፓራሹት 5። ድምሩ 117.5 ኪሎ ይሆናል። ይህ ቁጥር የክንፉ አምራች በሰጠው የሞተር በረራ ክልል መሀል አካባቢ ይውደቅ። ጫፍ ላይ አትሂዱ። አነስ ያለ ክንፍ ፈጣንና ቁጡ ነው።

ለጀማሪ በአውሮፓ ፈተና ኤ ወይም ለስላሳ ቢ ያገኘ ክንፍ ይሁን። አሮጌ ስትገዙ የጨርቁን የአየር ማሳለፍ መጠንና የገመዶቹን ጥንካሬ ባለሙያ ያስለካ ወረቀት ጠይቁ። ናይለን በፀሐይ ያረጃል፤ በዓይን ግን አይታይም። ወረቀት የሌለው ርካሽ ክንፍ ይቅርባችሁ።

ለታሪኩ ያህል፣ ይህ ክንፍ የእኛው ዘመድ ነው። ዴቪድ ባሪሽ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሴይልዊንግ የተባለውን ክንፉን የነደፈው የጠፈር መንኮራኩሮችን ወደ መሬት ለመመለስ ታስቦ ነበር። በ1965 ኒውዮርክ ባለው ሀንተር ተራራ ቁልቁለት ላይ ራሱ በረረበት። ለሮኬት ማውረጃ የተሠራ ጨርቅ ሰው ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

6. ሞተሩ

ስሌት ለምትወዱ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ከላይ ያሰብነው 117.5 ኪሎ በቀጥታ ለመብረር ወደ 160 ኒውተን ግፊት ይበቃዋል። አንድ ሰዓት ቢበር፣ ግፊቱ በሴኮንዶቹ ሲባዛ፣ 576,000 ኒውተን ሴኮንድ ነው። የኦ ሞተር ጣሪያ 40,960 ነው። አሥራ አራት ኦ ሞተር በጀርባችሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰዓት ሙሉ።

ብዙ ሰው የሚይዛቸው የጣሊያን ሁለት ስትሮክ ሞተሮች ናቸው። ቀላል ሰው አቶም 80 ይበቃዋል፤ ከበድ የሚል ወይም ከፍታ ላይ የሚበር ሞስተር 185 ይወስዳል። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ጉልበት አትግዙ። ትልቅ ሞተር ክብደቱም፣ ወደ ጎን የሚጠመዝዘው ኃይሉም ትልቅ ነው። አዲስ ሞተርና አዲስ ክንፍ አንድ ላይ በቀላሉ ከ10,000 ዶላር ያልፋሉ። ስለዚህ አስተማሪያችሁ የሚያውቀውን ያገለገለ ሞተር መጠየቅ ነውር የለውም።

ነዳጁ ቤንዚንና የሁለት ስትሮክ ዘይት ነው። ድብልቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ነው፤ ለ10 ሊትር ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ዘይት። የሞተራችሁ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን ካገኛችሁ ለካርቡራተሩ ይሻላል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የማርሚታውን ማሰሪያዎች፣ የፕሮፔለሩን ብሎኖች፣ የነዳጅ ቱቦውንና የጋዙን (የነዳጅ መስጫውን) ካቦ በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ። ንዝረት ብሎን ይፈታል። አንድ የላላ ብሎን ሄዶ የሚያርፈው ፕሮፔለሩ ላይ ነው።

አሁን አደራ የምለው ነገር። በዚህ ስፖርት ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መውደቅ አይደለም፤ ፕሮፔለር ነው፤ የሚጎዳውም መሬት ላይ፣ ሞተር ሲነሣ ነው። ሮኬት ላይ ከመለኮሱ በፊት ስንት ሜትር ትሸሹ ነበር? እዚህ መሸሻ የለም። ስለዚህ፦

ከማስነሣታችሁ በፊት የጋዙ እጀታ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ፤ ጨምቃችሁ ልቀቁት፣ ተመልሶ መዘጋቱን እዩ። የማጥፊያው ቁልፍ እንደሚሠራ እወቁ። ሃርነሱን ታጥቃችሁ፣ ሞተሩን አዝላችሁ አስነሡ። ካልሆነ ፍሬሙ ወዴትም እንዳይሄድ ተይዞ፣ ሰውነታችሁም ሆነ እጃችሁ ከፕሮፔለሩ መስመር ውጭ ሆኖ ይሁን። መሬት ላይ አስቀምጦ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ገመዱን መሳብ ፈጽሞ አይሆንም። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ተነሥቶ ወደ እናንተ ቢመጣ አንድ እጅ አያቆመውም። ሕፃናትና ውሾች ከኋላችሁ አይቁሙ። «ፕሮፕ ነፃ!» ብላችሁ ጩኹ፣ ዙሪያውን እዩ፣ ከዚያ ሳቡ።

7. ሰዓቱንና ሜዳውን ለውጡ

ሮኬት የሚወነጨፈው ረፋድ ተጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። ጀማሪ ፓራሞተረኛ መብረር የሌለበት ልክ ያኔ ነው። መሬት ሲሞቅ ሞቃት አየር እየተነጠለ ይነሣል። በፓራሹት የሚወርድ ሮኬታችሁን ይዞት ሲሄድ አይታችሁታል። ያው አየር ክንፋችሁን በአንድ ጎን ያጥፈዋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታትና ከመጥለቋ በፊት ያሉት ሁለት ሰዓታት የእናንተ ናቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ያላችሁ ምሽቱን ያዙ።

የሮኬት ደንብ ነፋሱ እስከ 20 ማይል በሰዓት፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ድረስ ያስወነጭፋል። ለፓራሞተር ጀማሪ 16 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ሽው ብሎ የሚያልፍ ግፊት ካለው ደግሞ ያነሰም ቢሆን ቅሩ። የክንፋችሁ ፍጥነት ራሱ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ነፋሱ ከበለጠ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። መሬት ላይ ጸጥ ቢልም ከ300 ሜትር በላይ ያለውን ነፋስ በትንበያ እዩ።

ሜዳው ገበሬ ያለው ከሆነ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያለ ፈቃድ መነሣትና ማረፍ ክልክል ነው። ከዛፍ መስመርና ከጎተራ ጀርባ ነፋሱ ይንከባለላል፤ ራቁት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ስታዩት አይታይም፤ ምሰሶውን ፈልጉና በሁለት ምሰሶ መካከል ሁሉ ሽቦ አለ ብላችሁ ቁጠሩ። ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የአየር ክልል ማስታወቂያ እዩ፤ ፕሬዚዳንቱ የሚጓዝበትም ትልቅ ስታዲየም ጨዋታ ያለበትም ለጊዜው ይዘጋል።

ኢስተርን ሾር ላይ ውኃ በየቦታው ነው። ሞተር ያዘለ ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ወደ ታች ይደፋል፤ መንቀሳቀሻ ጊዜም የለውም። ሞተሩ ቢጠፋ ደረቅ መሬት ላይ የማታርፉበት ቦታ አትብረሩ።

8. የመጀመሪያው በረራ

አስተማሪው በሬዲዮ አለ። ክንፉ ከራሳችሁ በላይ ቆሟል። ቀና ብላችሁ አዩት፣ ቀጥ ብሏል። ነዳጅ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ሩጡ። እግራችሁ መሬት ሲለቅ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀመጣል፣ ክንፉ ገና ስላልተሸከመው መሬት ይነካል፣ ፕሮፔለሩም ይሰበራል። አየር ላይም ቢሆን መሮጣችሁን ቀጥሉ።

ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ያዞራችኋል። በሙሉ ነዳጅ ላይ ሳላችሁ ብሬኩን አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ክንፉ በዚያ ጎን መሸከሙን ሊያቆምና ሊሾር ይችላል። ነዳጁን ቀነስ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ክንፉ ራሱን ያስተካክል። ሲወዛወዝም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ለማረፍ ከ30 ሜትር አካባቢ ሞተሩን አጥፉ። ፊት ወደ ነፋስ፣ እግር ከወንበሩ ወጥቶ ቀጥ። መሬቱ ሲቀርብ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ብሬኩን ለስለስ አድርጋችሁ እስከ ታች ሳቡ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሩጡ። ፕሮፔለሩ መቆሙን ሳታረጋግጡ ክንፉን አታውርዱ፤ ገመዱ ይጠመጠማል።

9. ሪዘርቩን እጃችሁ ይወቀው

ሮኬት ላይ ድሮጉም (መጀመሪያ የሚወጣው ትንሹ ፓራሹት) ዋናው ፓራሹትም በአልቲሜትር ይከፈት ነበር። እዚህ የሚከፍተው እጃችሁ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተንጠልጥላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጀታውን ፈልጉ። ያዙ፣ ሳቡ፣ ወደ ነፃው ጎን ወርውሩ። ክንፉ ከታጠፈና ከፍታ ከሌለ ለማስተካከል ጊዜ አታባክኑ። ሪዘርቩን በአምራቹ ጊዜ መሠረት ፈትታችሁ አስጠቅልሉ።

10. ወደ አገር ቤት ይዤ ልሂድ ለምትሉ

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከጉምሩክ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፤ ያለዚያ ዕቃው ቦሌ ይቀራል። ቤንዚን የነካ ሞተርና ታንክ ደግሞ አየር መንገዱን ሳታስፈቅዱ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ፈቃዱ ቢገኝ አየሩ ይጠብቃችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ ያው ክንፍ ለመነሣት 12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ደግሞ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ሩጫው ይረዝማል፣ ማረፉም ይፈጥናል። ካርቡራተሩ ለቀጭኑ አየር እንደገና መስተካከል አለበት። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሠለጠነ ሰው በቀጥታ እዚያ አይነሣ። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አካባቢ 1,600 ሜትር ላይ ከሚያስተምር ሰው ጋር ጥቂት ቀን በርሮ፣ የሩጫውን ርዝመት ለክቶ፣ ሞተሩንም አስተካክሎ ይሂድ።